ከውሃ በፊት ዘይት፦ የአዩርቬዳ የጠዋት ሥርዓት በአዳማ አየር

አዳማ ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ቆዳው ሲያስብ ከማንኛውም ቅባት በፊት ስለ ነፋሱ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከተማችንን ቁልቁል በሚያይዋት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ይህ ነፋስ ስላለ ነው። ይኸው ነፋስ በፊታችንና በእጃችን ላይ የሚያደርሰውን ግን እንደ ተራ ነገር ቆጥረን እናልፈዋለን። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም ከንፈር መሰንጠቅ፣ ቅልጥም አመድ መልበስ፣ ተረከዝ መነቃቃት ይጀምራል፤ ጠዋት ታጥቦ በባጃጅ ሥራ ቦታው የደረሰ ሰው ፊቱ የተወጠረበት መሆኑን ገና ሳይቀመጥ ይሰማዋል።

ስለ አዩርቬዳ የጠዋት ሥርዓት ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ርእሱ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን ከውጭ የመጣ ዱቄት፣ የሚያምር ጠርሙስና ውድ ቅባት ነው። እኔ ከዚህ የሕንድ ጥንታዊ የጤና ትምህርት የወሰድኩት ግን የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን አንድ መርሕና አንድ ቅደም ተከተል ነው። መርሑ ተመሳሳይ ነገር ተመሳሳዩን ያበዛል፣ ተቃራኒው ደግሞ ይቀንሰዋል የሚል ነው። ሰውነትን ያንቀሳቅሳሉ ከሚባሉት ሦስት ኃይሎች፣ ማለትም ከቫታ፣ ከፒታና ከከፋ መካከል የነፋስ ወገን የሆነው ቫታ ደረቅ፣ ቀላል፣ ቀዝቃዛ፣ ሻካራና ተንቀሳቃሽ ተብሎ ይገለጻል፤ እነዚህን ባሕርያት አንድ በአንድ ያነበበ የአዳማ ነዋሪ የከተማውን የጥር ወር ጠዋት ለመለየት አይቸገርም። ለደረቅና ለሻካራ ተቃራኒው ቅባት ነው፤ ለቀዝቃዛ ተቃራኒው ሙቀት ነው። ሦስቱን ኃይሎች በላቦራቶሪ እንደሚለካ ነገር አልወስዳቸውም፤ ሰው የሚኖርበትን አየር አይቶ ለሰውነቱ የጎደለውን እንዲሰጥ የሚያስተምር የመመልከቻ መንገድ አድርጌ ግን በደስታ እቀበላቸዋለሁ።

ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስቀመጠው በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ እንደኖረ የሚታመነው ሐኪሙ ቫግባታ ሲሆን፣ አሽታንጋ ህሪደያ የተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ከመኝታ ከመነሣት አንሥቶ የዕለቱን ኑሮ በሥርዓት የሚያስኬድ ነው። ይህ የዕለት ሥርዓት ዲናቻርያ ይባላል። ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ ሆድን ማራገፍ፣ ጥርስን በእንጨት መፋቅ፣ ዓይንን መኳል፣ ሰውነትን በዘይት ማሸት፣ በመጠኑ መንቀሳቀስ፣ ገላን በዱቄት ማሸትና መታጠብ በተርታ ይመጣሉ። ማስዋብ የሚባለው ነገር ከጤና ተነጥሎ የቆመበት ቦታ የለም፤ ቆዳው የሚያምረው ሰውየው በሰዓቱ ስለተነሣ፣ ሆዱ ስለተስተካከለና ሰውነቱ በዘይት ስለታሸ ነው ተብሎ ይታሰባል። እኔን የሳበኝ ይህ ነው።

የመነሻ ሰዓቱ ብራህማ ሙሁርታ ይባላል። አንድ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ሲሆን፣ ጊዜው ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምርና 48 ደቂቃ ሲቀራት ያበቃል። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ 12፡30 ላይ በምትወጣበት ወቅት 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። አዛን የሚሰማበት፣ ለኪዳን የሚሄዱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት የሚወጡበት ሰዓት ስለሆነ ለከተማችን ሰው እንግዳ አይደለም። ይሁንና ሌሊት 6 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ቢነሣ የሚያተርፈው ድካም ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ መተኛት ያልቻለ ሰው ይህን ክፍል ቢተወው ይሻለዋል። ቫግባታ ራሱም ትእዛዙን የሰጠው ለጤነኛ ሰው ነው።

ከመኝታ እንደተነሡ ሞቅ ያለ ውሃ መጠጣት ቀላልና ጉዳት የሌለው ልማድ ነው። ብዙዎች ሌሊቱን በመዳብ ዕቃ ያደረ ውሃ ይመርጣሉ፤ መዳብ በውሃ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታይቷል። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምንኖር አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በወንጂና በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘው በመሬት ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ምክንያት ነው፤ ይህን ፍሎራይድ መዳብም ሆነ ማፍላት አያስወግደውም። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤተሰብ የመዳብ ማሰሮ ከመግዛቱ በፊት የሚጠጣው ውሃ መመርመሩን ያጣራ። በመዳብ ዕቃ ውስጥ ሎሚ መጨመርም አይገባም፤ አሲዱ መዳቡን ከሚገባው በላይ ያሟሟዋል።

ስለ አፍ ንጽሕና ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ እዚህ ላይ ሕንዶቹና እኛ ጎረቤቶች ነን። መጽሐፉ መራራ ወይም ጎምዛዛ ጣዕም ያለው፣ የትንሿን ጣት ያህል የወፈረ፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ጣት የሆነ እንጨት ጫፉ ታኝኮ ጥርስ ይፋቅበት ይላል። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትምህርት አይሆንም። እነርሱ በብዛት የሚጠቀሙበት የኒም ዛፍም በቆላ ከተሞቻችን ለጥላ ተተክሎ ይታያል። እኛ ዘንድ ብዙም ያልተለመደው ምላስን መፋቅ ነው። በቀስት ቅርጽ በታጠፈ የብረት መፋቂያ ወይም በቀላሉ በሻይ ማንኪያ ጠርዝ ከምላስ ሥር ወደ ጫፍ ሳይጫኑ ጥቂት ጊዜ መሳብ ሌሊቱን የተጠራቀመውን ነጭ ሽፋን ያነሣዋል፤ መጥፎ የአፍ ጠረንን ለጊዜው እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። የሰሊጥ ዘይት አፍ ውስጥ ይዞ መጉመጥመጥም የሥርዓቱ አካል ነው፤ የጥርስ ብሩሽን ይተካል የሚለውን ግን አልቀበልም። የሞከረ ሰው ዘይቱን አይዋጠው፤ ቧንቧ ስለሚደፍን ወደ መታጠቢያውም አይትፋው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዘይት መታሸት አብያንጋ ይባላል፤ ቫግባታ በየቀኑ ይደረግ ይላል፤ እርጅናን፣ ድካምንና የነፋስን ጉዳት ይከላከላል ብሎም ያምናል። ጊዜ ያጠረው ሰው በተለይ ራሱን፣ ጆሮውንና እግሩን እንዳይተው ያሳስባል። እርጅናን ይከላከላል የሚለውን ለእርሱ ልተወውና የዘይቱን ሥራ በቀላሉ ላስረዳ። ቆዳችን ውሃውን ይዞ የሚያቆየው በላዩ ባለው ስስ የስብ ሽፋን ነው። ደረቅ ነፋስ ውሃውን ይስባል፣ ሳሙናና ፍል ውሃ ደግሞ ስቡን ጠርገው ይወስዱታል። ከመታጠብ በፊት የተቀባ ዘይት ውሃውና ሳሙናው ሲያርፉበት የተወሰነው ይታጠባል፣ የተወሰነው ግን ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰውየው ከገላ መታጠቢያው ሲወጣ ቆዳው የተራቆተ አይሆንም። ብዙዎቻችን ታጥበን ስንጨርስ ቅባት እንቀባለን፤ እርሱም ጥሩ ነው። የአዩርቬዳ ብልሃት ግን ዘይቱን ማስቀደሙ ላይ ነው፤ ለእንደ እኛ ዓይነት አየርም የሚስማማው ይኸኛው ነው እላለሁ።

ለደረቅ አየር የሚመረጠው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ በሕንዶቹ አስተሳሰብ ሰሊጥ ሙቀት ሰጪ ነው። ይህ ለእኛ እንዴት ያለ ዕድል ነው! ሁመራና መተማ የሚበቅለው ሰሊጥ በዓለም ገበያ ስም ያለው ስለሆነ ዘይቱን ከባሕር ማዶ በውድ ጠርሙስ ማስመጣት አያስፈልገንም። መፈለግ ያለበት ሳይቆላ የተጨመቀው፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የሆነው ነው፤ ተቆልቶ የተጨመቀው ጠቆር ያለው ዘይት ለምግብ እንጂ ለገላ አይሆንም፣ ሽታውም ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ሰሊጥ ለማይስማማው ወይም ለማያገኝ ሰው እኔ የምመክረው ኑግ ነው። ኑግ መነሻው እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሆን ከእኛ ቀጥሎ በስፋት የሚያመርቱት ሕንዶች ናቸው። ከዘይቱ ከ70 በመቶ የማያንሰው ሊኖሌይክ የተባለው ቅባት አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አሲድ ቆዳችን የስብ ሽፋኑን ለመሥራት የሚጠቀምበት ነው። በዚያው ልክ ኑግ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ትኩሱን ከዘይት መጭመቂያ ቤት በትንሽ በትንሹ ገዝቶ፣ በጠቆረ ጠርሙስ ከብርሃን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ከጠርሙሱ አፍ ላይ የሻገተ ለውዝ ሽታ የመጣ ዕለት ያ ዘይት ለገላም ለወጥም አይሆንም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳና ብርጭቆው ፍል ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ዘይቱን ምድጃ ላይ ማሞቅ ቃጠሎ ስለሚያመጣ አያስፈልግም። የሙቀቱ ልክ የሚታወቀው የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ነው፤ ሕፃን ጡጦ እንደሚሞከረው ማለት ነው። ከዚያ ከራስ ቅል ይጀመራል፤ በጣት ጫፍ የራስ ቆዳ ይታሻል፣ የጆሮ ጀርባና የጆሮ ቅጠል ይታሻል። ክንድና ቅልጥም ላይ እጅ በረጅሙ ይሄዳል፤ ክርን፣ ትከሻና ጉልበት ላይ ደግሞ በክብ ይዞራል። ሆድ በሰዓት አቅጣጫ በቀስታ ይታሻል። እግር ላይ መቸኮል አይገባም፤ በጣቶቹ መካከል ገብቶ፣ ውስጥ እግሩን በአውራ ጣት ተጭኖ፣ የተነቃቃውን ተረከዝ ደጋግሞ መቀባት ከሁሉም በላይ የሚያረካው ክፍል ነው። እናቴ ማታ ማታ እግሯን በቅቤ ሳታሽ አትተኛም ነበር፤ ተረከዟም እስከ ሽምግልናዋ አልነቃም።

ከዚህ በኋላ ለዚሁ ብቻ የተለየ አሮጌ ቀሚስ ለብሶ ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት ነው። በዚህ መሐል ቁርስ ይሠራል፣ ወይም ሰውነት ይፍታታል። ስለ እንቅስቃሴ የተሰጠው ልክ ደስ ይለኛል፤ ሰው የጉልበቱን ግማሽ ብቻ ይጠቀም፣ ግንባሩ ላይ ላብ ሲመጣ ይበቃዋል ይላል። ዘይት የነካው እግር እርጥብ ሴራሚክ ላይ እንደሚያንሸራትት መዘንጋት አይገባም፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተቀምጠው ቢታሹና ነጠላ ጫማ ቢያደርጉ ይሻላል። ፎጣውም የተለየ ይሁን፤ በፍል ውሃና በሳሙና ካልታጠበ ዘይቱ ጨርቁ ላይ ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት ጥቂት ዘይት የክንድ ውስጠኛው ገጽ ላይ ቀብቶ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለሰሊጥ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ትኩሳት፣ ከባድ ጉንፋን ወይም የምግብ አለመፈጨት ያለበት ሰው እንዳይታሽ ጥንታዊው ትምህርትም ይከለክላል። ፊቱ ላይ ብጉር የሚበዛበት ሰው ፊቱን ቢተው፣ ችፌ ወይም ቁስል ያለበት ደግሞ የቆዳ ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው።

ለመታጠብ አዩርቬዳን የሚከተሉ ሕንዶች ከሳሙና ይልቅ የሽምብራ ዱቄት ይወዳሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ወይም በወተት ለውሰው ገላቸውን ያሹበታል። ዱቄቱ ትርፉን ዘይት ይመጥጣል እንጂ ቆዳውን አያራቁትም። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባለው ምድር ሽምብራ የሞላ ስለሆነ ነጭ ሽምብራ አስፈጭቶ በደቃቅ ወንፊት መንፋት ቀላል ነው። ለወጥ የተዘጋጀው ሽሮ ግን በርበሬና ቅመም ስላለበት ፈጽሞ ገላ ላይ መዋል የለበትም። እርድ የሚጨምሩ አሉ፤ መጨመር የሚፈልግ ሰው ሥሩን ገዝቶ ራሱ ያስፈጨው፤ ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይጨመርበት እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆይቶ የተመለሰ ሰው ቆዳው እንዴት እንደሚጠማው ያውቃል። ቫግባታ ከአንገት በታች የሚፈስ ሙቅ ውሃ ኃይል ይሰጣል፣ ራስ ላይ የፈሰሰ ግን ፀጉርንና ዓይንን ያደክማል ይላል፤ ፀጉር የሚደርቅበት ሰው ሁሉ ይህን ቢሞክረው አይጸጸትም።

ለከንፈር፣ ለእጅና ለተረከዝ ከሁሉም የምወደው በውሃ የታጠበ ቅቤ ነው። ሻታ ዳውታ ግሪታ ይሉታል፤ የተነጠረ ቅቤ በመዳብ ሳህን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ መቶ ጊዜ ታጥቦ የሚሠራ ነው። የሚያስፈልገው ያለ ምንም ቅመም የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ ቆዳ ያስቆጣል። ጥቂት ቅቤ ሳህኑ ላይ ይደረግና ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ተጨምሮበት በመዳፍ ይታሻል፤ ውሃው ሲደፈርስ ይደፋና ሌላ ይጨመራል። መጀመሪያ ላይ ቅቤው እንደ አሸዋ እየፈረፈረ ከእጅ ያመልጣል። ማጠቡ ሲደጋገም ፍርፋሪው ይጠፋል፣ ቢጫነቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ የቅቤ ሽታውም ይለቃል፤ በመጨረሻ ነጭ፣ ልስልስና ቀዝቃዛ ቅባት ሆኖ ጣት ላይ ይቆማል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቡና እስኪፈላ ከሰው ጋር እየተጫወቱ ቢያደርጉት ግን አይከብድም። ውስጡ ውሃ ስለሚቀር በንጹሕ ትንሽ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥና በንጹሕ ማንኪያ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከሥርዓቱ ሆን ብዬ የተውኳቸው ነገሮችም አሉ። አንዱ ዘይት አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብ ነው፤ ወደ ሳንባ የወረደ ዘይት የሳንባ ብግነት ሊያመጣ ስለሚችል ባለሙያ በሌለበት እንዲሞከር አልመክርም። ሁለተኛው ኩል ነው። በጥንቱ ሥርዓት ዓይን በየዕለቱ ይኳላል፤ እኛም ኩልን እንወዳለን፣ ሕፃናትንም እንኳላለን። ነገር ግን በየአገሩ ገበያ የሚሸጥ ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን የሚፈጭ ሲሆን፣ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እናቶች ይህን ልማድ እንዲተዉ ከልቤ እለምናለሁ። ሦስተኛው ከኢንተርኔትና ከሻንጣ ነጋዴ የሚገዛ የአዩርቬዳ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ አንዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶበታል። ሕንድ ውስጥ አዩርቬዳ ከአምስት ዓመት በላይ በዩኒቨርሲቲ የሚጠና፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች ጋር የሚጋራው ሚኒስቴር ያለው ሙያ ነው፤ የሚዋጥ መድኃኒቱ በሐኪም እጅ እንጂ በማስታወቂያ የሚወሰድ አይደለም።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ፣ እርድና ወተት ቆዳ ያነጣሉ እየተባለ የሚነገረውን እቃወማለሁ። የታሸ ጠይም ቆዳ ወዙ ሲመለስ ያበራል፤ መልኩ ግን ያው ነው፣ መለወጥም የለበትም። ሜርኩሪ ያለባቸው የማንጫ ክሬሞች ኩላሊት እንደሚጎዱ እየታወቀ ለሙሽሮች መመከራቸው ያሳዝነኛል።

ሥራ ለሚቸኩል ሰው ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት አይሞላም፤ መሙላትም የለበትም። በሥራ ቀን ምላስን መፋቅ፣ ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፣ ራስን፣ ጆሮንና እግርን መቀባት በቂ ነው፤ ሙሉው መታሸት ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ይቆይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዘይቱን ቀንሶ በሽምብራ ዱቄት ማንሣት ውሃ ይቆጥባል። ሰኔ ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ዘይቱ ይቀነሳል፣ ደረቅ የሽምብራ ዱቄት ማሸቱ ይጨመራል፣ የሚጠጣው ውሃ ዝንጅብል ይገባበታል። ጥቅምት ሲመለስ ዘይቱ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል።